ዶክተር አክሊሉ ለማና እንዶድ

ዶክተር አክሊሉ ለማ የተወለዱት መስከረም 7 ቀን 1928 ዓ.ም. በጅጅጋ ከተማ ነው። ይህ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 18 ቀን 1935 ሲሆን፣ ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ሕፃኑ በተወለዱ በሁለት ሳምንት ገደማ የፋሺስት ኢጣልያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ኢትዮጵያን ወረረ። ወራሪው በመጀመሪያ ከያዛቸው ከተሞች አንዷ አድዋ ነበረች። የአድዋን ስም ከጦርነት ጋር አያይዞ የማያነሣ የለም። ዶክተር አክሊሉ ግን ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ወደዚያች ከተማ የሄዱት ሌላ ዓይነት ጠላት ፍለጋ ነው። ይህ ጠላት በወንዝ ውሃ ውስጥ ተሸሽጎ የሚኖር፣ ሕፃን አዋቂ ሳይለይ በቆዳ በኩል ሰርጎ የሚገባ ነበር።

የልጅነታቸውንና የተማሪነታቸውን ዘመን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በአገራቸው ከተማሩ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሻግረው ከፍተኛ ትምህርታቸውን የቀጠሉ ሲሆን፣ ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አግኝተዋል። የተማሩትም ስለ ተውሳኮች፣ ማለትም በሌላ ፍጡር አካል ውስጥ ገብተው በእርሱ ኪሣራ ስለሚኖሩ ሕያዋን ነው። በዚያ ዘመን ብዙው ምሩቅ የሚመኘው በከተማ ተደላድሎ መኖርን ነበር። እሳቸው ግን ወደ አገራቸው ተመልሰው በሽታው ካለበት ከወንዝ ዳር መዋልን መረጡ።

የእሳቸው ሥራ ምን እንደ ነበረ በሚገባ ለመረዳት አስቀድሞ ስለ ሕዋስ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል። ነገሩ ሁሉ፣ የወንዙ፣ የቀንድ አውጣውና የልብስ ሳሙናው ታሪክ፣ በመጨረሻው ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው በሕዋስ ላይ ነውና።

እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ስስ አድርጎ የቆረጠውን የቡሽ ቅራፊ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ያየውን ገልጿል። ቡሹ የንብ እንጀራ እንደሚመስል በብዙ ጥቃቅን ክፍሎች የተከፋፈለ ነበር። ለእነዚህም ክፍሎች ትንሽ ክፍል ወይም ጎጆ የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣላቸው፤ እኛም በአማርኛ ሕዋስ እንላቸዋለን። ሁክ ያየው ግን ነዋሪው የሞተበትን ባዶ ቤት ነው። ሕይወት ያለው ሕዋስ ባዶ አይደለም። በውስጡ ሳይቶፕላዝም የሚባል ዝልግልግ ፈሳሽ አለ፤ በፈሳሹም ውስጥ የሕዋሱን ሥራ የሚመራውና የዘር መልእክት የሚጠበቅበት አስኳል፣ ምግብን ወደ ጉልበት የሚለውጡ ሚቶኮንድሪያ የተባሉ አካላት፣ ሌሎችም ብዙ ክፍሎች ይገኛሉ። ይህን ሁሉ ከውጭ ዙሪያውን ይዞ የሚያቆመው አንድ ስስ ሽፋን ነው። ሽፋኑ ቅባትነት ባላቸው ነገሮች በሁለት ረድፍ ተሰልፈው የተሠራ ሲሆን፣ አንድ መቶ ሺህ ያህሉ ቢደራረቡ እንኳ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞሉም። ከዚህም ጋር የሚገባውን የሚያስገባ፣ የሚወጣውን የሚያስወጣ፣ የማይፈለገውን የሚከለክል በረኛ ነው። ሽፋኑ የተቀደደ ሕዋስ በር እንደ ተሰበረበት ጎተራ ነው፤ በውስጡ ያለው ይፈስሳል፣ ሕዋሱም ይሞታል።

የእንስሳ ሕዋስ ከዚህ ስስ ሽፋን በቀር ሌላ መከላከያ የለውም። የዕፅዋት ሕዋስ ግን ከሽፋኑ ውጭ ጠንካራ ግድግዳ አለው። ሁክ በቡሽ ላይ ያየውም ይህንኑ ግድግዳ ነበር። ከዚህ በላይ የዕፅዋት ሕዋስ በመካከሉ ሰፊ የፈሳሽ ከረጢት ይዟል፤ ተክሉ ስኳሩንም፣ መራራውንም፣ መርዙንም በዚያ ያከማቻል። ይህን ከረጢት ተማሪ እንዳይዘነጋው ያስፈልጋል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ በሽታው እንመለስ። ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ ስሙን ያገኘው በ1851 በካይሮ ከተማ የበሽታውን ትል ካገኘው ከጀርመናዊው ሐኪም ከቴዎዶር ቢልሃርዝ ነው። ትሉ ርዝመቱ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ወንዱና ሴቷ ተቃቅፈው በሰው የደም ሥር ውስጥ ለዓመታት ይኖራሉ። ሴቷ በየቀኑ እጅግ ብዙ እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሉ ከፊሉ ከዐይነ ምድር ወይም እንደ ዝርያው ከሽንት ጋር ይወጣል፤ የቀረው ግን በጉበትና በሌሎች የአካል ክፍሎች ውስጥ ተሰንቅሮ ያቆስላል። ሆዱ የተነፋ፣ ፊቱ የገረጣ፣ በትምህርት ቤት ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ሕፃን ብዙ ጊዜ ሰነፍ ሳይሆን የዚህ ትል ማደሪያ የሆነ ነው።

ከሰው የወጣው እንቁላል ወደ ወንዝ ወይም ወደ ኩሬ ከገባ ይፈለፈላል። የሚፈለፈለው ፍጡር ግን ወዲያው ሰውን መያዝ አይችልም፤ አስቀድሞ አንድ ዓይነት የውሃ ቀንድ አውጣ አግኝቶ በሰውነቱ ውስጥ መግባት አለበት። በቀንድ አውጣው ውስጥ ይራባል፤ አንዱ በሺህ የሚቆጠር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ጅራት ያለው ረቂቅ ፍጡር ሆኖ ወደ ውሃው ይወጣና ልብስ የሚያጥበውን፣ የሚዋኘውን፣ ከብት የሚያጠጣውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። እንግዲህ ቀንድ አውጣው ከሌለ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ይህንንም የዘመኑ ሊቃውንት ሁሉ ያውቁት ነበር። ችግሩ ቀንድ አውጣን የሚገድለው ኬሚካል ከአውሮፓ ፋብሪካ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ፣ ዋጋውም ለድሃ አገር የማይቀመስ መሆኑ ነው። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ የተያዘው ሰው ብዛት በዚያ ዘመን ሁለት መቶ ሚሊዮን ያህል ይገመት ነበር። በኢትዮጵያም አንደኛው ዓይነት በደጋና በወይና ደጋ ወንዞች፣ ሌላው ዓይነት ደግሞ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ይገኛል። አዋሽ ጉዞውን የሚጨርሰው በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ በሚገኘው በአቤ ሐይቅ መሆኑን ተማሪው በጂኦግራፊ ትምህርቱ ሳያውቀው አይቀርም።

ዶክተር አክሊሉ በ1964 በአድዋ ወንዞች ውስጥ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች ሲያጠኑ አንድ ነገር ትኩረታቸውን ሳበው። በአንዳንድ ቦታ ቀንድ አውጣዎቹ በሕይወት ሲርመሰመሱ፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ሞተው ውሃው ላይ ተንሳፈው ይታዩ ነበር። ሞተው የሚገኙባቸው ቦታዎች ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ያሉት ናቸው። ሴቶቹ የሚያጥቡት ደግሞ በእንዶድ ነበር።

እንዶድ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ አጥር ለአጥር እየተጠማዘዘ የሚያድግ ቁጥቋጦ ነው። ቆላ አይወድም፤ ስለዚህ በጅቡቲ ከተማ፣ ለምሳሌ በሀራሙስ በባሕር ዳርቻ ያደገ ተማሪ በበቀለበት አይቶት አያውቅ ይሆናል። ፍሬው እንደ ቃሪያ ዘለላ ሳይሆን እንደ ወይን ዘለላ ተያይዞ የሚንጠለጠል፣ ጥቃቅንና ክብ ነው። ሳይበስል ተለቅሞ በፀሐይ ይደርቃል፤ በሙቀጫ ይወቀጣል፤ በውሃ ሲበጠበጥም እንደ ሳሙና አረፋ ይደፍቃል። ሸማን ለማንጣት ከእንዶድ የሚበልጥ የለም ብለው የሚከራከሩ እናቶች ዛሬም አይጠፉም። ሳሙና ከውጭ አገር ከመምጣቱ ከብዙ ዘመን በፊት የነጠላና የጋቢ ንጣት የእንዶድ ሥራ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ባዩ ጊዜ ከአጣቢዎቹ ሴቶች አንዷን ረዳታቸው አደረጉ። ከወንዙ የላይኛው ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ለቅመው በዕቃ ውስጥ አኖሩና ሴትዮዋ ከምታጥብበት አረፋ ጥቂት እንድትጨምርበት ጠየቋት። ጨመረችበት። ቀንድ አውጣዎቹ ወደ ውስጥ ተሸማቀቁ፣ ደማቸው ፈሰሰ፣ ሞቱም። የመጀመሪያው ሙከራ ይኸው ነበር፤ ለዚህም ከዕቃው፣ ከአረፋውና ከሚያስተውል ዐይን በቀር ሌላ መሣሪያ አላስፈለገም። በዚያ ወንዝ ዳር ከእሳቸው በፊት ያለፈው ሰው ስንት ይሆን? የሞተ ቀንድ አውጣ ያየውም ብዙ እንደሚሆን አያጠራጥርም። የሴቶቹን ሥራና የቀንድ አውጣውን ሞት አንድ ላይ አያይዞ ምክንያቱን የጠየቀ ግን እሳቸው ነበሩ።

ወደ አዲስ አበባ ተመልሰው በቤተ ሙከራ ሲፈትኑት ነገሩ ከተገመተው በላይ ሆኖ ተገኘ። በሚሊዮን እጅ ውሃ ውስጥ ጥቂት ዐሥር እጅ የእንዶድ ዱቄት ቢጨመር ቀንድ አውጣዎቹ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ያልቃሉ። ከዚያ በኋላ መርዙ በራሱ ጊዜ ይፈራርስና ይጠፋል፤ በውሃው ውስጥ ለወራት የሚቆይ ብክለት አይተውም። ይህም ከብዙ የፋብሪካ ኬሚካሎች የሚለይበት ትልቅ ጠባይ ነው።

እንዶድ ቀንድ አውጣን የሚገድለው እንዴት ነው? መልሱ የሚገኘው ቀደም ብለን በጠቀስነው በሕዋስ ስስ ሽፋን ላይ ነው። በእንዶድ ፍሬ ውስጥ ሳፖኒን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ሳፖኒን አንዱ ጫፉ ከውሃ ጋር፣ ሌላው ጫፉ ከቅባት ጋር የሚስማማ በመሆኑ እንደ ሳሙና አረፋ ያወጣል፤ በልብስ ላይ የተጣበቀውን እድፍና ቅባት ይዞ ወደ ውሃው የሚያወጣውም በዚህ ጠባዩ ነው። የእንስሳ ሕዋስ ሽፋንም የተሠራው ከቅባት መሆኑን ልብ ይሏል። ሳፖኒን ከሽፋኑ ውስጥ ኮሌስትሮል የተባለውን ቅባት ፈልጎ ይጣበቅበትና ሽፋኑን ይበሳዋል። ይህን ማየት የሚፈልግ ጥቂት ደም በንጹሕ የሙከራ ብርጭቆ ውስጥ አድርጎ የሳፖኒን ውሃ ቢጨምርበት ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሲፈርሱና ድፍርሱ ደም ጥርት ያለ ቀይ ፈሳሽ ሲሆን ይመለከታል። ስለዚህ በአድዋ ወንዝ ዳር እድፍን ከሸማ የሚያስለቅቀው ኃይልና የቀንድ አውጣውን ሕዋስ የሚበሳው ኃይል አንድ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ የአጣቢዎቹ እጅ ለምን አልተጎዳም የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይገባል። የሰው ቆዳ የላይኛው ንብር የሞቱና የደረቁ ሕዋሳት ተደራርበው የሠሩት ነው፤ እነዚህም ለታችኞቹ ሕያዋን ሕዋሳት እንደ ጋሻ ሆነው ያገለግላሉ። የቀንድ አውጣው ልስልስ አካል ግን እንዲህ ያለ ጋሻ የለውም፤ ሕያው ሕዋሱ ውሃውን በቀጥታ ይነካል። የዓሣ ስንጥብም እንደዚሁ የተራቆተ በመሆኑ እንዶድ ዓሣን ይገድላል። የሰው ዐይንም ተመሳሳይ ነው፤ እንዶድ የገባበት ዐይን ክፉኛ ይቆጣል። እነዚህ የእንዶድ ጉድለቶች ሲሆኑ፣ ዶክተር አክሊሉና ባልደረቦቻቸው መድኃኒታቸውን ወደዱት ብለው አልሸሸጓቸውም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን የሙቀጫው ነገር ነው። ኬሚስቶች በኋላ ዘመን እንደ ደረሱበት፣ ባልተሰበረ የእንዶድ ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ቀንድ አውጣን የሚገድለው ዓይነት አይደለም። ሁለት የስኳር ሰንሰለት ግራና ቀኝ የተሸከመ፣ እንደ ታሰረ ውሻ ያለ ነው። ከሰንሰለቶቹ አንዱን ቆርጦ የሚፈታው ኤንዛይምም በዚያው ፍሬ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሁለቱ በደኅናው ሕዋስ ውስጥ ተለያይተው ይኖራሉ። ቀደም ሲል የጠቀስነው የዕፅዋት ሕዋስ አከፋፈል፣ ግድግዳው፣ ሽፋኑና ከረጢቱ፣ የሚጠቅመው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው፤ አብረው ሊሆኑ የማይገባቸውን ለይቶ ያኖራል። ፍሬው በሙቀጫ ሲወቀጥ ግን ግድግዳው ይሰበራል፣ ሽፋኑ ይቀደዳል፤ ውሃ ሲጨመርበትም ኤንዛይሙና ሳፖኒኑ ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ ኃይለኛው ሳፖኒን ይወለዳል። ፍሬውን በውሃ ፈንታ በሜታኖል የዘፈዘፉ ኬሚስቶች ያገኙት ደካማውን ሳፖኒን ነው። እናቶቻችን ስለ ኤንዛይም ሳይሰሙ፣ መውቀጡንና በውሃ መበጥበጡን ከእናቶቻቸው ተምረው፣ ትክክለኛውን መንገድ ይዘው ኖረዋል።

ዶክተር አክሊሉ በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ኢንስቲትዩቱ ያጠና የነበረው ቢልሃርዚያን ብቻ አልነበረም። ለምሳሌ በደጋው ሕዝብ ዘንድ ቁንጭር የሚባለውን ፊት የሚያበላሽ ቁስል አጥንተው ውጤቱን በ1969 አሳትመዋል። ይህን በሽታ የሚያመጣው ተውሳክ መላ አካሉ አንድ ሕዋስ ብቻ የሆነ ፍጡር ነው፤ የሚኖረውም በሰው ሕዋስ ውስጥ ተደብቆ፣ ያውም ወራሪን ሊውጡና ሊያጠፉ በተሠሩት የመከላከያ ሕዋሳት ውስጥ ነው። በጠላት ምሽግ ውስጥ ቤት እንደ መሥራት ነው።

ከ1969 እስከ 1974 ባሉት ዓመታት ኢንስቲትዩቱ በአድዋ ከተማ ወንዞች ላይ እንዶድን በተግባር ሞከረው። ከዚያው ከአካባቢው የተለቀመ ፍሬ ተወቅጦ በየጊዜው ወደ ወንዞቹ ይጨመር ጀመር። እንዶድ የቀንድ አውጣውን እንቁላል አጥርቶ ስለማይገድል ሥራውን አንድ ጊዜ ፈጽሞ መተው አይቻልም ነበር። ሙከራው ሲጀመር ከከተማው ሕዝብ ከመቶ ስልሳ ሦስቱ በበሽታው የተያዘ ነበር፤ በመጨረሻው ይህ ቁጥር ከመቶ ወደ ሠላሳ አራት ዝቅ አለ። ይበልጥ የሚያስደስተው የሕፃናቱ ውጤት ነው። ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት መካከል በሽታው ያለባቸው ከመቶ ሃምሳ የነበሩት ወደ ሰባት ወረዱ። ትሉ በአዋቂዎች ደም ውስጥ ለዓመታት ስለሚቆይ በእነርሱ ላይ ለውጡ ቀስ ብሎ ይታያል። ሕፃናቱ ግን ከተወለዱ ወዲህ የነኩት ውሃ የጸዳ መሆን አለመሆኑን የሚመሰክሩ ናቸው። ወጪውም ለአንድ ሰው በዓመት ዐሥር የአሜሪካ ሳንቲም ያህል ብቻ ነበር።

እንዲህ ያለ ውጤት ያገኘ ሰው ወዲያው ዓለም ይቀበለዋል ብሎ የሚያስብ ተማሪ ይኖር ይሆናል። የሆነው ግን ሌላ ነው። በአሜሪካ የስታንፎርድ ምርምር ኢንስቲትዩት ኬሚስቶች ከእሳቸው ጋር ሠርተው ከእንዶድ ውስጥ ኃይለኛውን ሳፖኒን ለይተው አወጡና በስማቸው ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። በሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ በኢትዮጵያዊ ስም የሚጠራ ንጥረ ነገር ማግኘት ከባድ ነው፤ ይህ አንዱ ነው። ነገር ግን ከስያሜው ክብር እስከ አገልግሎቱ ፈቃድ ድረስ ያለው መንገድ ረጅም ሆነ። የውጭ ባለሙያዎችና ድርጅቶች እንዶድ በሰፊው ከመሠራቱ በፊት ለሰውና ለአካባቢ ጉዳት እንደሌለው በዓለም አቀፍ መመዘኛ መረጋገጥ አለበት ይሉ ነበር። ጥያቄው ራሱ አግባብ ያለው ነው። መርዝን ወደ ሕዝብ ውሃ መጨመር ቀላል ነገር አይደለምና። ሆኖም መመዘኛውን የሚያሟሉት ቤተ ሙከራዎች በሀብታም አገሮች ያሉ፣ ወጪያቸውም ከፍተኛ የሆነ ነበሩ፤ በአዲስ አበባና በአድዋ የተደከመበት ምርመራ ደግሞ እንደ በቂ ማስረጃ አይቆጠርም ነበር።

ዶክተር አክሊሉ ይህን ነገር እንደ ቀላል አላለፉትም። በየስብሰባው ሲከራከሩ የነበረው የአፍሪካ የምርምር ችግር የመሣሪያና የገንዘብ እጥረት ብቻ እንዳልሆነ፣ ከዚያ የሚከፋው በአፍሪካ ቤተ ሙከራ የተገኘ ውጤት ሌላ ቦታ ካልተደገመ የማይታመን መሆኑ እንደ ሆነ ነበር። እዚህ ላይ በሽታው የማይጠብቅ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ክርክሩ በቆየባቸው ሃያ ዓመታት ውስጥ ወንዝ ዳር የተወለዱ ሕፃናት ለአቅመ አዳምና ሔዋን ደርሰዋል።

ከ1970ዎቹ አጋማሽ በኋላ ዶክተር አክሊሉ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ በሳይንስና በልማት ጉዳዮች ሠርተዋል። በኋላም ፍሎረንስ በሚገኘው የዩኒሴፍ የሕፃናት ጥናት ማዕከል ምክትል ዳይሬክተር ሆኑ። የእንዶድን ነገር ግን አልተዉትም። በአገር ውስጥ ሥራውን በትጋት የቀጠሉት የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ነበሩ። እሳቸው ከልዩ ልዩ አካባቢዎች የእንዶድ ዝርያዎችን ሰብስበው፣ ተክለውና አወዳድረው፣ በፍሬው ብዛትና በኃይሉ የላቀውን ለዩ። ይህም ዝርያ አርባ አራተኛው በሚባል መጠሪያ በሌሎች የአፍሪካ አገሮች ጭምር ተተክሎ ተሞክሯል። አንድ ሰው ብቻውን ስሙ ሲነሣ ከኋላው ሌላ ደካሚ መኖሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ በ1989 ግን አልተረሳም። በዚያ ዓመት በስዊድን የሚሰጠው የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ለሁለቱ ሊቃውንት በጋራ ተበረከተላቸው።

በመጨረሻም በካናዳ የዓለም አቀፍ ልማት ምርምር ማዕከል ድጋፍ የደኅንነት ምርመራው በተፈለገው መመዘኛ ተካሄደና ውጤቱ በ1991 ታተመ። ምርመራው ያረጋገጠው እንዶድ ለዓሣና ለዐይን አደገኛ ቢሆንም ቀንድ አውጣን በሚገድልበት መጠን ለሰውና ለከብት የከፋ ጉዳት የሌለው መሆኑን ነው። ይህም አድዋ ላይ ከታየው ብዙ የራቀ አልነበረም።

በዚያው ሰሞን እንዶድ ባልታሰበ ቦታ ተፈለገ። በ1980ዎቹ መጨረሻ ከአውሮፓ በመርከብ ውሃ ተጭነው የመጡ፣ ቅርፊታቸው እንደ ሜዳ አህያ የተዥጎረጎረ ትናንሽ የውሃ እንስሳት በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተራብተው የፋብሪካና የመጠጥ ውሃ ቧንቧዎችን ይደፍኑ ጀመር። በ1990 ዶክተር አክሊሉ የክብር ዲግሪ ለመቀበል ወደ ቶሊዶ ዩኒቨርሲቲ በሄዱ ጊዜ እንዶድ በእነዚህ እንስሳት ላይ ተሞከረና ገደላቸው። የእነርሱም ልስልስ አካል በዚያው በስስ ሽፋን ብቻ የተጠበቀ ነውና። ዩኒቨርሲቲው በዚህ አሠራር ላይ የባለቤትነት መብት አወጣ፤ ዶክተር አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተመዘገቡ። ነገሩ ግን ብዙ ክርክር አስነሣ። እንዶድ የሚገድል መሆኑን በሙከራ ያሳዩት ሊቅ ስማቸው ተጽፏል፤ ፍሬውን ለቅመው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ዕውቀቱን ከትውልድ ወደ ትውልድ ያሻገሩት ሴቶች ድርሻ የት ላይ ይጻፋል የሚለው ጥያቄ የሕግ ሰዎችንና የተፈጥሮ ሀብት ተከራካሪዎችን ለብዙ ዓመታት አነጋግሯል። አጥጋቢ መልስ ተገኝቶለታል ለማለት አይቻልም።

ዶክተር አክሊሉ ለማ ኤፕሪል 5 ቀን 1997፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1989 ዓ.ም.፣ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ዐረፉ። የመሠረቱት ኢንስቲትዩት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በስማቸው አክሊሉ ለማ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ ተሰይሞ ነበር።

እንዶድ ግን እሳቸው በተመኙት ስፋት በየወንዙ አልተሠራበትም። ዛሬ ቢልሃርዚያን ለመቆጣጠር በዋነኛነት የሚሰጠው ፕራዚኳንተል የሚባለው ክኒን ነው። ይህም መድኃኒት የሚመታው ያንኑ ሽፋን ነው፤ የትሉን ሕዋሳት በር አስከፍቶ ካልሲየም የሚባለው ንጥረ ነገር እንዲጥለቀለቅባቸው ያደርጋል። በየትምህርት ቤቱ ለሕፃናት ይታደላል፤ በርካሽም ይገኛል። ክኒኑን የዋጠው ልጅ ትሉ ይሞትለታል። ነገር ግን በማግሥቱ ወደ ወንዝ ወርዶ ቢዋኝ፣ በወንዙ ውስጥ ያለው ቀንድ አውጣ እንዳለ ነውና፣ እንደገና ይያዛል። ስለሆነም በአንዳንድ የአገሪቱ አካባቢዎች ተመራማሪዎች የእንዶድን ፍሬ አሁንም እየለቀሙ፣ እየወቀጡና በቀንድ አውጣ ላይ እየሞከሩ ይገኛሉ።